አፍደም የሚባለው ኮርድ

ኬብሮን የባጃጅ ሹፌር ናት። ሹፌር የሚለው ለወጉ ነው እንጂ ባጃጇ የምትነዳው ራሷን ነው። በድሬ ከለገሃሬ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከዚራ ስትመላለስ ጉድጓዱንም፣ ፍየሉንም፣ ተሳፋሪው የሚወርድበትንም ቀድማ ታውቃለች። የኬብሮን ሥራ መሪውን መያዝ ነው፤ መሪው ደግሞ ከምንም ጋር አልተያያዘም። በ2058 ዓ.ም. ባጃጆቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ የድሬ አሮጊቶች «ሰው የሌለበት ነገር ውስጥ እግራችንን አናስገባም» ብለው አሻፈረኝ ስላሉ፣ በየባጃጁ አንድ ሰው ይቀመጥ ተባለ። መታጠፊያ ላይ መሪውን ትንሽ ማዞር ግዴታዋ ነው። ካላዞረች ተሳፋሪው ይደነግጣል፣ ከደነገጠ ይከሳል። በሠራችባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ባጃጇ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። ኬብሮን ግን ስንት ጊዜ ወደ ግራ እየታጠፉ ወደ ቀኝ አዙራለች፤ ማንም አላየም።

ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ቤዝ ትጫወታለች። ሥራዬ የምትለው ይሄንን ነው። ባሏ ኢዮስያስ ኪቦርድ፣ እሷ ቤዝ፤ ሙሽራ ሁሉ ይሻማባቸዋል። የእሷም ቤዝ እንደ ማንኛውም መሣሪያ አራሚ አለው። ጣቷ ክሩን ነክቶ ድምፁ ከስፒከር እስኪወጣ ባለችው ቅጽበት አራሚው የተሳሳተውን አቃንቶ ይለቀዋል። አራሚ የሌለው ነገር የለም። ስልኩም አለው፣ ደብዳቤውም አለው። በጆሮ የምትገባው ምስር የምታክለዋ ደግሞ ንግግር ታቃናለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ምን ልበል?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ምስሯ ትነግረዋለች፣ እሱም ይለዋል፣ ሐዘንተኛዋም ምስሯ ያቀበለቻትን ትመልስለታለች፣ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ። አንዴ ሠርግ ላይ መብራት ተቆራርጦ አራሚው ለሦስት ሰከንድ ቢጠፋ፣ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሕፃናት በሙሉ አለቀሱ። የተሳሳተ ድምፅ ሰምተው አያውቁማ!

ጋሽ ማክቤልን ያወቀቻቸው በባጃጇ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በጥቅምት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መትቷቸው በሳምንት ሦስት ቀን ከከዚራ ወደ ፊዚዮቴራፒ ታመላልሳቸዋለች። ምስር ጆሯቸው ውስጥ የለም። መንገዱን ሙሉ በደህናው እጃቸው የባጃጇን በር እየደበደቡ በአፍንጫቸው ያዜማሉ። ዜማው የት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ኬብሮን አሁን ወደዚህ ይሄዳል ስትል ወደዚያ ይሄዳል። መጀመሪያ በሽታው ነው ብላ አዘነችላቸው።

በጥር ወር እሳቸው ቤት ወረቀት መጣ። መነጽራቸውን በአንድ እጅ ማድረግ አቅቷቸው ስለነበር ያነበበችላቸው እሷ ናት። «በይዞታዎ ያለው አራሚ አልባ ድብል ቤዝ እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2071 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡30 ድረስ አራሚ እንዲገጠምለት ወደ ድምፅ ጥራት ቢሮ ይቅረብ። የባዶ እጅ ፈቃድ ያለው ተጫዋች የያዘው እንደሆነ ትእዛዙ አይመለከተውም።» ያለ አራሚ የመጫወት ፈቃዱ ነበራቸው፤ የሞተ እጅ ግን ፈቃድ አይዝም። ቤዙ ደግሞ በመላው ምሥራቅ የቀረ የመጨረሻው አራሚ አልባ ቤዝ ነበር።

«ሲገጥሙለት ምን ያደርጉታል?» አለች።

«ሆዱን ይቦረቡሩታል። ከዚያ በኋላ ምን አለፋሽ፣ ዕቃ ነው።» ወደ እሷ ዞሩና «አንቺ ቤዝ እጫወታለሁ ትዪ የለ?» አሏት።

«እጫወታለሁ እንጂ! አሥራ አንድ ዓመቴ!»

«በይ ያዢውና እንይሽ።»

ጥግ ላይ የቆመውን ትልቅ እንጨት ደገፍ አድርጋ ያዘችውና ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ የሚጨፍርበትን ጀመረች። አራት ድምፅ አወጣች። አቦ! እንዲያው ምን ዓይነት ጉድ ነው! አንዱ ይንኳኳል፣ አንዱ ይታፈናል፣ አንዱ ከቦታው ወርዶ ጎረቤት ገብቷል።

«ተሰንጥቆ ነው?» አለች ደንግጣ።

«እሱ ደህና ነው። አንቺ ነሽ።»

ኬብሮን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» የእሷ እንዳልነበር በአራት ድምፅ ገባት። «የራሴን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም ማለት እኮ ነው!» አለች።

«አብሽሪ፣ ዛሬ ሰማሽው። አስቀያሚ ነው፤ ግን ያንቺ ነው።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ሚያዝያ ሠላሳ ሊደርስ ስንት ጊዜ አለን?» አለች።

ለባዶ እጅ ፈቃድ የሚፈተኑበት አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ ስምንት ኮርድ፣ አንድ ላይ የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች፣ አለው። ኮርዶቹ ከግድግዳ ይመጣሉ፣ ተፈታኙ በእነሱ ላይ ሶሎ ይፈጥራል። ሦስት ስህተት ከሠራ ወደቀ። ስህተት ማለት መዝጋቢው፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ማሽን፣ ያልጠበቀው ድምፅ ነው። ጋሽ ማክቤል ስምንቱን ኮርዶች በስማቸው አያውቋቸውም። አያታቸው የድሮው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ስለነበሩ፣ ኮርድ ሁሉ ለእሳቸው ጣቢያ ነው፤ ድሬ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ መኢሶ።

«ባቡሩ አይጠብቅሽም» ይሏታል። «ጎታ ላይ ሲደርስ ጎታ መገኘት አለብሽ። በየትኛው በኩል እንደመጣሽ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ በጫካ ነይ፣ በአጥር ዝለዪ፤ ብቻ ተገኚ።»

ለአንድ ወር ክር አላስነኳትም። በአፏ ነው ያስኬዷት። ባጃጇ ውስጥ እሳቸው በሩን ይደበድባሉ፣ ኬብሮን መሪ ይዛ ከሁርሶ ኤረር በድምፅ ትሄዳለች። ተሳፋሪ ሲገባ ዝም ይላሉ። በየካቲት ክር አስያዟት፤ የእያንዳንዱን ጣቢያ ሥር ድምፅ ብቻ፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ጣቶቿ አበጡ፣ ተላጡ፣ ደነደኑ። በመጋቢት ኮርዶቹን በስልኳ ከፍታ ከጣቢያ ጣቢያ የሚያደርሰውን መንገድ ራሷ ትፈልግ ጀመር። ቢኬ ድረስ ደህና ትሄዳለች። አፍደም ላይ ትሞታለች።

አፍደም ኤፍ ሰባት ነው። ግን ተራ ኤፍ ሰባት አይደለም፤ ሁለት ድምፆች ግማሽ ግማሽ ዝቅ ብለው ተሰንቅረውበታል። ለጆሮ፣ ልብስ ውስጥ እንደገባ እሾህ ነው። በየትኛውም በኩል ብትገባ ይወጋታል። ቀጥሎ ሙሉ አለ፣ እዚያ ማረፍ ይቻላል፤ አፍደምን ሳያልፉ ግን ሙሉ አይደረስም።

«እርስዎ እንዴት ነው የሚያልፉት?» አለቻቸው አንድ ቀን ተበሳጭታ።

«በጠርዙ። ሃምሳ ዓመት በጠርዙ ነው ያለፍኩት» አሉ፤ ማፈራቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

ኢዮስያስ ሚስቱ ጣቷ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች ስትተኛ ማየት ሰለቸው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ያዝናል። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ «ሶሎውን ለምን ከአራሚው አትጠይቂውም?» አላት። «ስምንቱን ኮርድ ስጪው፣ መዝጋቢው የሚጠብቀውን ሶሎ ራሱ ይሰጥሻል። በቃልሽ ያዢው። ዜሮ ስህተት! ከ2060 ወዲህ ያለፈ ሁሉ እንደዚያ ነው ያለፈው።»

«ማታለል ነዋ!»

«ማንን? ቤዙ ይድናል አይደል?»

እውነቱን ነው፣ ቤዙ ይድናል። ኬብሮን ወሰደችው። በሁለት ሳምንት በቃሏ ያዘችው። ያምራልም! አፍደም ላይ ሲደርስ እንደ ቅቤ ነው የሚያልፈው። በሕማማት ሰኞ ጋሽ ማክቤል ቤት ገብታ ከድሬ እስከ መኢሶ አንዲት ሳትስት ተጫወተችላቸው። ይደሰታሉ ብላ ቀና ስትል ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«ይሄ የማነው?»

ነገረቻቸው።

«እንግዲህ አራሚው ተገጥሟላ» አሉ። «እንጨቱን ትተው አንቺን ቦረቦሩሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ጮኸችባቸው፤ ታላቅ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። «የራሴን ብጫወት እወድቃለሁ፣ ቤዝዎን ይወስዱታል! የነሱን ብጫወት ይድናል! ይንገሩኝ እንጂ!»

«ቤዙ አሁን አንቺ ጋ ነው፤ የፈለግሽውን ተጫወቺ። እኔ ግን ያንን አልሰማም።»

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ጾሙን ሙሉ ቆሞ የነበረው ሠርግ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። ኬብሮንና ኢዮስያስ በሁለት ቀን አራት ሠርግ ተጫወቱ፤ ያ ሁሉ የሙሽራ ዘፈን፣ ያ ሁሉ አንቺሆዬ ቅኝት። ማክሰኞ ከሰዓት ጋሽ ማክቤል ቤት ስትደርስ ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ተኳርፈውም ነበር፤ ሰላምታቸው አጭር ነው። ቤዙን አቀፈችና ሄደች፤ ድሬ፣ ሁርሶ፣ ኤረር። ቢኬ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት መሰለኝ፣ ጣቶቿ ያለ እሷ ፈቃድ ሠርግ ቤት ገቡ። አፍደም መምጣቱን ረስታ አንቺሆዬውን እንደያዘች ገባችበት፤ አምስቱን ድምፅ፣ ልክ ሙሽራ ሲገባ እንደሚባለው።

አልወጋትም።

ነቃች። እሾሆቹ የት ሄዱ? እንደገና ሞከረችው። ያ ሁሉ የተሰነቀረ ነገር፣ ያ ሁሉ ዝቅ ዝቅ ያለ ነገር የአንቺሆዬ አምስት ድምፅ ነው። ከሰባተኛዋ ድምፅ በቀር ሌላ ምንም የለውም። ድሬ ውስጥ ሠርግ የበላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ ከአፍደም ሥር ተቀምጦ ኖሯል፤ በፈረንጅ ሕግ ኮርዱን፣ በኛ ወግ ቅኝቱን ለየብቻ ስለተማሩት አንድም ሰው አንዱን ሌላው ላይ አላስቀመጠውም።

ጋሽ ማክቤል በግማሽ ፊታቸው ይስቃሉ፤ ግማሹ አልታዘዝ ብሏቸዋል። «ወላሂ ሞኝ ነኝ!» አሉ ጭናቸውን እየመቱ። «ሃምሳ ዓመት በጠርዙ! አንቺ ልጅ፣ ድገሚው! ድገሚው አቦ!»

ማምሻውን ኢዮስያስ አራሚውን ስለዚሁ ጠየቀላት። «ኮርድ 6 ላይ አንቺሆዬ አይጠበቅም» ነው ያለው።

ሚያዝያ 30 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የቤዙ አንገት ከባጃጇ ወጥቶ እየታየ ቢሮው ደረሱ። ፈታኟ ወይዘሮ ሔመን ይባላሉ፤ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ የልብሳቸው ስፌት ልቅም ያለ፣ ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ትሕትና የሚናገሩ ሴት ናቸው። በሕይወት ዘመናቸው ሃያ ስድስት ሰው ፈትነው ሃያ ስድስት ጊዜ ያንኑ ሶሎ ሰምተዋል። ጋሽ ማክቤልን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና «ተፈታኝ ስትዘጋጅ ይጀመራል» አሉ። ግድግዳው ላይ ቀይ ዜሮ በራ።

ኬብሮን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልወሰነችም ነበር። ሁለቱም ሶሎዎች እጇ ውስጥ ናቸው። በተሸመደደው ጀመረች፤ ድሬ፣ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ወይዘሮ ሔመን ጥፍራቸውን ያያሉ። ቢኬ ላይ ጋሽ ማክቤልን አየቻቸው፤ አልተቆጡም፣ አልለመኑም፣ አንዱን ጆሯቸውን በደህናው እጃቸው ደፍነው ሌላውን ትከሻቸው ላይ አጣብቀዋል። አልሰማም ብለው የለ! የምር አይሰሙም። ኬብሮን ንድድ አለች። በእሳቸው ይሁን፣ በራሷ ይሁን፣ በቀዩ ዜሮ ይሁን እንጃ፤ አፍደም ሲመጣ ሙሽራዋን አስገባቻት።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ሦስት ስህተት» አለ መዝጋቢው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ተፈታኝ ወድቀዋል። እባክዎ ክሩን ዝም ያሰኙ።»

አላሰኘችም። ሙሉ ላይ ደረሰች፣ መኢሶ ገባች፣ ተመልሳ ከድሬ ተነሳች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ እጇ ግን አይቆምም። ቤዙን ጣልኩት፣ ቢያንስ ሲወድቅ የራሱን ድምፅ እያወጣ ይውደቅ፤ ያሰበችው ይሄንን ብቻ ነው።

«እባክዎ ክሩን ዝም ያሰኙ» አለ መዝጋቢው እንደገና።

«እህቴ፣ በቃ፣ አልቋል» አሉ ወይዘሮ ሔመን ተነስተው።

«አላለቀም!» ጋሽ ማክቤል እጃቸውን ከጆሯቸው አውርደዋል። «ደንቡን ያውጡና ያንብቡት። ሲጻፍ ሙዚቀኛ ይማከር ተብሎ ሦስት ሰው ጠርተውን ነበር። ካልነው ሁሉ አንዷን ብቻ ነው የተቀበሉን፤ ሶሎ ላይ ያለ ሰው አይቋረጥም። የሙዚቃ ባንድ ወግ ነው፣ ማቋረጥ ነውር ነው! ክሩ ድምፅ እስካለው ድረስ ፈተናው አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ውጤት አይጻፍም።»

ወይዘሮ ሔመን ደንቡን አወጡ። አነበቡ። «ክሩ ድምፅ እስካለው ድረስ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው የሚቀጥለውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡት፦ ውጤት ያልተያያዘበት ትእዛዝ በቀነ ገደቡ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ይሰረዛል፤ አዲስ ትእዛዝ የሚወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ለምን እንዳነበቡላቸው እሳቸውም እስከ ዛሬ አይናገሩም። ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉ፤ ምስሯ ምን እንደሚባል አልነገረቻቸውም።

ሰዓቱ ስምንት ከሃያ ነው። ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው።

ኬብሮን ሰምታለች። እንባዋን በትከሻዋ ጠረገችና እግሯን አስተካክላ ቆመች።

ሁለተኛው ዙር ላይ አንቺሆዬው ስህተት አልተባለም። መዝጋቢው ተምሮታል፣ አሁን ይጠብቀዋል። ቀዩ ቁጥር ሦስት ላይ ቆመ። ይሄ ይባስ አናደዳት። «እንደዚያ ነው?» አለችና ከላይ ወደ ታች አወረደችው፤ አራት፣ አምስት። እሱ ሲማር እሷ ታጥፋለች። ከኋላ ገባች፣ ግማሽ ምት ዘግይታ ገባች፣ አንዷን ድምፅ ብቻ ይዛ ሰባቱንም ጣቢያ አልፋ ስምንተኛው ላይ ለቀቀቻት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጥሩ መቶ አለፈ። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት መቶ አርባ። ያልሆነላትም ብዙ ነው፤ ኤረር ላይ ተደነቃቅፋ የወደቀችው ለማንም አይወራም። ጋሽ ማክቤል «ሁርሶ!... ጎታ!...» እያሉ ይጮኻሉ። በሩ ላይ ሌሎች ሠራተኞች ተሰበሰቡ። የሚሰሙትን ምን እንደሚሉት አያውቁም፤ አንዷ ልጅ «ኧረ!» አለች፣ ቃሉ ከየት እንደመጣባት ግራ ገብቷት አፏን ያዘች።

አሥር ሰዓት ከአርባ ሲሆን የቀኝ ጣቶቿ ውሃ የቋጠረው ፈነዳ። ክሩ ቀላ። ሌሎቹን ጣቶች ሞከረች፣ እነሱም ሄዱ። በአውራ ጣቷ ገፋችው፣ ድምፁ ሟሸሸ፣ ሟሸሸ።

«እባክዎ ክሩን...» ብሎ ጀመረ መዝጋቢው።

ጋሽ ማክቤል ከወንበሩ ተነሱ። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ማንም እንዲደግፋቸው ሳይፈቅዱ መጡ። ቤዙን ከወዲያ በኩል ደገፉትና ደህናውን እጃቸውን፣ ቀኙን፣ ክሩ ላይ አሳረፉ። ኬብሮን የቆሰለውን እጇን አነሳች። አንገቱን የያዘው የእሷ ግራ እጅ ነው፤ ክሩን የሚመታው የእሳቸው ቀኝ።

የመጀመሪያው ዙር አያድርስ ነው። እሷ ኤረር ስትሆን እሳቸው ገና ሁርሶ ናቸው። ወይዘሮ ሔመን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሻቸው ተገናኘ። እሷ የትኛውን ድምፅ እንደምትይዝ እሳቸው አያውቁም፣ እሳቸው መቼ እንደሚመቱ እሷ አታውቅም፤ በሁለቱም ሳይታወቅ የሚወጣው ድምፅ ግን ይሄዳል፣ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይስቃል። ቀዩ ቁጥር እንደ እብድ ይቆጥር ጀመር፤ አራት መቶ፣ አምስት መቶ፣ ከዚያ ለማንበብም አይመችም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቁጥሩ ጠፋ። ወይዘሮ ሔመን ባዶውን የውጤት ወረቀት ለሁለት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«የሥራ ሰዓት አብቅቷል። ትእዛዙ ተሰርዟል» አለ መዝጋቢው። «አሁን ማቆም ይችላሉ።»

«ማን ጠየቀህ?» አሉት ጋሽ ማክቤል። ኬብሮንም ከድሬ ጀመረች።